ያልታጠፈው ሮልባር

ዘሌ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህ ሲወጣ ጥቁር ልብሴን አውልቄ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ያን ዕለት ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አሁን የምጽፍልህ የምነግርህ ነገር ስላለ ነው። በሕይወት እያለህ ስላንተ የሚወራውን መጀመሪያ ከእኔ ነበር የምትሰማው፤ ዛሬም እንደዚያው እንዲሆን ፈለግሁ።

አስቀድሜ ግን የቤቱን ልንገርህ። ሜሮን ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። በቁመት አልፋኛለች፤ ስትስቅ እንዳንተ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ እንደ ጉድ አፈራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወስዶ ወስዶ አላልቅ አለው፣ ጦጣዎቹም ድርሻቸውን አልተዉም። የሳሎኑን በር ቀለም አስቀባሁት። አንተ የምትፈልገውን አረንጓዴ ሳይሆን እኔ የምፈልገውን ሰማያዊ። ስንት ዓመት የተከራከርንበትን ነገር ይኸው ሞተህ ለቀቅክልኝ፤ በዚህ መንገድ ማሸነፍ ግን አልፈለግሁም ነበር።

ጋራዡን ወንድምህ ታደለ ይዞታል። ብየዳው ጥሩ ነው፣ ትዕግሥቱ ግን ያንተ አይደለም፣ ቁልፍ ሲጠፋበት የሚጮኸው ጩኸት ሲቀላ ገበያ ድረስ ይሰማል። እኔም አጠገቡ ያለችውን የመለዋወጫ ሱቄን አልዘጋሁም። ቡሎኑን፣ ዳዶውን፣ ከዳዶው ሥር የሚገባውን ቀለበት ሮንዴላውን በየቆርቆሮው ለይቼ እንደ ድሮው እሸጣለሁ። ሰው ሲመጣ አሁንም "የዘለቀ ሱቅ" ይላል። እኔ ከፍቼው፣ እኔ ሸጬበት፣ ስሙ ያንተ ሆኖ ቀረ። ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ።

የምነግርህ ስለ ሮልባሮቹ ነው።

የመጀመሪያውን መቼም አትረሳውም። የጋሽ ሶርሳ ነበር። ያ ሸራ ጣራ ያለው አሮጌ ጂፕ፣ ጋቢም ቡሉኮም ከጨንቻ ጭነው የሚወርዱበት። አንድ ቀን ደጋው ላይ ጭጋግ ወርዶባቸው መታጠፊያው ላይ ሊገለበጡ ምንም አልቀራቸውም ነበርና፣ ጋራዥ መጥተው መኪናው ቢገለበጥ ይሄ ሸራ ምን ያድነናል ብለው ጠየቁህ። አንተ ደግሞ እንግዳ ይዞ ወደ ሐይቁ በሚሄድ መኪና ላይ ከወንበሩ ኋላ የቆመ ቅስት ብረት፣ ሮልባር የሚሉትን፣ አይተህ ኖሮ፣ እሱን በጠመኔ መሬት ላይ ሳልክላቸው። ሁለት እግር፣ ከራስ በላይ የሚያልፍ ቅስት፣ ወደ ኋላ የሚደግፉ ሁለት ብረቶች። መኪናው ቢገለበጥ ክብደቱ በሰው ራስ ላይ ሳይሆን በዚህ ላይ ያርፋል አልካቸው። ወፍራሙን ቱቦ አሸዋ ሞልተህ፣ በእሳት አግለህ፣ አንድም ቦታ ሳትጨመድደው ስታጎብጠው በሱቄ በር ቆሜ አይቻለሁ። ያን ዕለት ኮርቼብሃለሁ፤ አልነገርኩህም እንጂ።

ሊገጠም የደረሰው ልክ በመስቀል ዋዜማ ነበር። ወደ ሱቄ መጥተህ ከመኪናው ወለል ሥር የሚገባ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አለሽ ወይ አልከኝ። አልነበረኝም። ብረት ቤቶቹ ደግሞ ዘግተው ባለቤቶቹ ሁሉ በጉን ጭነው ለመስቀል ወደየአገራቸው ወጥተዋል፤ ሲቀላ ያን ሰሞን ባዶ እንደምትሆን ታውቃለህ። ይደር፣ ከመስቀል በኋላ እንገጥመዋለን አልክ። ጋሽ ሶርሳ ግን ቤተሰባቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፣ ቅቤው ጸሐይ ላይ እየቀለጠ ነው፣ ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰው ይቁነጠነጣሉ። የጨንቻ ሰው ሆኖ መስቀልን ከአባቱ ቤት ውጪ የሚውል ሰው የለም። እኔ ነኝ፣ ዘሌ፣ ሰውየውን አታስቀራቸው፣ ሮንዴላ ደርበህ እሰረው፣ የወለሉ ላሜራም ብረት አይደል ወይ ያልኩህ። ሮንዴላውን ከቆርቆሮው ዘግኜ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። መኪናው ሥር ገብቼ ዳዶውን በቁልፍ የያዝኩልህም እኔ፤ አንተ ከላይ ታጠብቃለህ፣ እኔ ከሥር እይዛለሁ፣ አፈር ዓይኔ ውስጥ ገብቶ እሰድብሃለሁ፣ አንተ ትስቃለህ።

ከዚያ ፈተናው። ስድስት ጎልማሳ ቅስቱ ላይ አንጠልጥለህ፣ ወዲያና ወዲህ እያስወዘወዝክ፣ የጂፑ ጎማ ከመሬት እስኪነሳ። አልተነቃነቀም። ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ሶርሳ ከመስቀል መልስ ምስጋናና አንድ ቅል እርጎ ይዘው መጡ፣ እኛም እርጎውን ጠጣን፣ ጠፍጣፋውን ብረት ማንም አላነሳውም። ከዚያ በኋላ የመጡትን ስድስት መኪኖችም በዚያው መንገድ ገጠምናቸው። ስድስት ሰው ተንጠልጥሎበት ካልተነቃነቀ ሌላ ምን ይፈለጋል? በዚያ ፈተና ቱቦውንና ብየዳውን ነበር የምንፈትነው። የቆመበትን ወለል ማንም አልፈተነውም።

መጋቢት ላይ፣ ዝናቡ እንደጀመረ፣ ከስድስቱ አንዱ፣ የጫኖው ምህረቱ ተገለበጠ። ሙዝ ጭኖ ከማሳው ሲወጣ ለከብት መንገድ ልልቀቅ ብሎ ዳር ያዘ፣ ዳሩ ጭቃ ነበርና ከድቶት መስኖው ቦይ ውስጥ አንዴ ዞሮ ወደቀ። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ትከሻው ተሰብሮ፣ ራሱም ተፈንክቶ። መኪናውን በጭነት መኪና አምጥተው ጋራዡ ግቢ ውስጥ አወረዱት።

ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ቦዲው ተጨፍልቋል፣ መስታወት የሚባል ነገር አልቀረም፣ ቱቦው ግን አልታጠፈም። ብየዳው አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ሰው እየዳሰሰ "ይሄ የዘለቀ እጅ ነው! ነፍሱን ይማረው!" አለ። ታደለ ደረቱን ነፋ፤ ቢነፋም አልፈርድበትም። በዚያው ሳምንት ሦስት ሰው ለእኛም ሥሩልን ብሎ መጣ። እኔም መጀመሪያ ላይ ከሰዉ ጋር አለቀስኩ፣ ሞቶም ሰው አዳነ ብዬ።

ሰዉ ሲበተን ግን ከሥር የያዝኳቸውን ዳዶዎች ልይ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ዳዶዎቹ አልላሉም። ቡሎኖቹም አልተበጠሱም። የተቀደደው ላሜራው ነው። በአንድ በኩል የሮልባሩ እግር ቡሎኑን ከነዳዶው፣ ከነሮንዴላው ይዞ ከወለሉ ተነቅሏል፣ የላሜራ ቅዳጅ ሮንዴላው ላይ እንዳለ። በሌላው በኩል ደግሞ እግሩ ወለሉን ጣት እርጥብ ካርቶን እንደሚበሳ በስቶ ወደ ታች ሰምጧል። እግሩ ሲሰምጥ ቅስቱም አብሮ ወርዷል፣ እስከ ወንበሩ ራስ ድረስ። የምህረቱን ራስ የፈነከተው መሬቱ አልነበረም፤ ከመሬቱ እንዲያድነው የገጠምንለት ቱቦ ነበር። ደሙ ላዩ ላይ አለ።

አንዱን ሮንዴላ ፈትቼ ሱቅ ወስጄ ከቆርቆሮዬ ውስጥ ካሉት ጋር አስተያየሁት። ያው ናቸው። ባንኮኒው ላይ እጄን ጥዬ ብዙ ተቀመጥኩ።

ለታደለ ነገርኩት። ወርዶ አየ፣ በጣቱ ቀዳዳውን ዳሰሰ፣ ገባው። "መልስ መስጠት የማይችል ሰው ላይ እንዴት ይፈረዳል?" አለኝ። ከእንግዲህ የሚሠራውን በጠፍጣፋ ብረት እንሥራ፣ ያለፈውን አናንሳው፣ ይሄ ጋራዥ የቆመው በወንድሜ ስም ነው፣ ስሙን አጉድፈን ምን ልንበላ ነው አለ። ክፋት አልነበረውም። ስምህን ከእኔ በላይ ይሳሳለታል። እኔም ሐሳቡን ልቀበለው ምንም አልቀረኝም ነበር፣ አልዋሽህም። ሰባተኛ ቀን ላይ ግን ሮልባር ከገጠምንላቸው አንዱ፣ የአስተማሪው መኪና በሱቄ በር አለፈ፤ ሁለት ልጆቹ ከኋላ ቆመው ሮልባሩን በእጃቸው ይዘዋል፣ እየሳቁ። መንገድ ዳር ቆሜ "ቀስ በል!" ብዬ ጮህኩበት፤ ሰላምታ መስሎት ጥሩምባ ነፋልኝ።

በማግሥቱ ወደ ጨንቻ ወጣሁ፣ ወደ እናትህ።

ደጅ ላይ ጥጥ እየፈተሉ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የመስቀሉን ዋዜማም፣ የታደለንም ነገር። ክሩ ሳይቋረጥ አዳመጡኝ። እናንተ ጎሜ ስለምትሉት ነገር ስቀልድብህ ትዝ ይልሃል? ሜሮን ሲያተኩሳት፣ ላም ሲጠፋ፣ በሽታ ሲበረታ ዘመዶችህ ማን ምን ደብቋል ብለው መጠያየቅ ሲጀምሩ፣ እኔ የወላይታ ልጅ ሐኪም ቤት አይሻልም ወይ እያልኩ አስቅህ ነበር። የተደበቀ ጥፋት ባለቤቱ ጋ አይቀመጥም፣ ቤት ለቤት ይዞራል፣ መድኃኒቱም ሰው ፊት መናገር ብቻ ነው ትለኝ ነበር። ያን ዕለት አልሳቅኩም። እናትህ እንዝርቱን አስቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "ከሥር ብረቱን ማን ያዘ?" እኔ አልኳቸው። ያው አማርኛ ላይ ሲደርሱ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት፤ "እንግዲያው ያንተም ነው" አሉኝ። "አንተ ያየኸውን ሰው ፊት ተናገር። ልጄ ሞቷል፣ ምንም አይነካውም። መኪና ላይ ያሉት አልሞቱም።"

ይህን ብለው ዝም አላሉም። ብቻዬን ብናገር የባል ዘመድና ሚስት ተጣሉ እንደሚባል ገብቷቸው ነው መሰለኝ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዚያ ጉልበታቸው ከደጋ ወርደው ጋራዡ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። ታደለ እናቱን ሲያይ ያልተናገረውን ሁሉ ዋጠው። ባለመኪኖቹን ጠርቼ ነበር፤ ከጋሽ ሶርሳ በቀር ሁሉም መጡ። ምህረቱም ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ መጣ። ከሁሉም የፈራሁት እሱን ነው።

ቆሜ ተናገርኩ። ቱቦው ጥሩ ነው፣ ብየዳው ጥሩ ነው፣ የታሰረበት ቦታ ግን ጥሩ አይደለም አልኩ። የተቀደደውን ወለል አሳየሁ። ዘለቀ ከሥር ወፍራም ብረት ጠይቆ ነበር፣ ሮንዴላ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱም አውቆት እሺ አለኝ፣ ከዚያም ሁለታችንም ረሳነው፤ የሁላችሁንም እንደዚያው ነው የገጠምነው፣ ያለ ክፍያ እናስተካክላለን አልኩ። ሰው አጉረመረመ። አንዱ ሬሳ እየወቀሱ ነው አለ። ያኔ ምህረቱ ከኋላ መጣና ቀዳዳውን ለብቻው ትክ ብሎ አየው። "እኔ እኮ ግማሹን እግዜር፣ ግማሹን ዘለቀ ነው ያዳነኝ ስል ነበር" አለ። ቀና ብሎ አየኝ። "እንግዲያው እግዜር ብቻውን ነው ያዳነኝ በይኛ!" መጀመሪያ የሳቁት እናትህ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ከእንባዬ ጋር።

ታደለን ደግሞ ባየኸው ኖሮ! አንዴ ከቆረጠ በኋላ የሠራው ሥራ አንተን ያስደስትህ ነበር። እያንዳንዱን ወለል በመዶሻ እየመታ፣ ዝገት የበላውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ በየደ። የሮልባሮቹን እግሮች ከወለሉ መሐል አንስቶ ወለሉ ከጎኑ ብረት ጋር ወደሚገጥምበት ወደ ጠንካራው ጠርዝ አመጣቸው። ከዚያ ሁለት መዳፍ የሚያህል ወፍራም ብረት ከላይ፣ እንዲሁ የሚያህል ከሥር፣ ላሜራውን መሐል አስገብቶ በጠንካራ ቡሎን አሰረው፤ አሁን ጉልበቱ በሮንዴላ ጠርዝ ላይ ሳይሆን በሙሉ ብረቱ ላይ ይከፋፈላል። ራስ ሊነካው የሚችለውን የቱቦ ክፍል ሁሉ በጠጣር ስፖንጅ ጠቀለለው። እኔ ደግሞ ቀበቶ ያልተገጠመበት መኪና ከግቢ አይወጣም ብዬ በር ላይ ቆምኩ። ሰው ካልታሰረ ሲገለበጥ የሚጋጨው ከዚያው ቱቦ ጋር ነዋ። የአስተማሪውን ልጆች ቆሞ መሄድ ቀርቷል ብዬ ራሴ አሰርኳቸው፣ አኮረፉኝ።

ያጣነውም አለ። ሊያሠሩ ከመጡት ሦስቱ ሁለቱ አልተመለሱም። ገበያ ላይ አንዲት ሴት ዘለቀ እንኳ እንዲህ ከሆነ ማንን እናምናለን ስትል በጆሮዬ ሰማሁ፤ ዘንቢሌን ይዤ አለፍኩ። አሞኛል። አንተን የማያውቅ ሰው ስላንተ መጀመሪያ የሚሰማው ይሄንን መሆኑ አሞኛል፣ ዛሬም ያመኛል።

የቀሩት ጋሽ ሶርሳ ነበሩ። ሱቃቸው ድረስ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። "ልጄ፣ የዘለቀን እጅ ማንም አይነካብኝም" አሉኝ። "እሱን ከማስፈታው ሁለተኛ ብቀብረው ይሻለኛል።" እንዴት ተደርጎ ከሚወድህ ሰው ጋር ይከራከሯል? የልጅ ልጆቻቸውን ደግሞ በየሳምንቱ በዚያ ጂፕ ደጋ ያወጣሉ። በአራተኛው ቀን አልተከራከርኩም። ጂፑ ላይ ወጥቼ ከኋላ፣ ልጆቹ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ልጆቹ በሚሄዱበት ሁሉ እኔም እሄዳለሁ አልኳቸው። ውረጂ አሉ፣ አልወርድም አልኩ። እሳቸው ደግሞ ዓይን አፋር ናቸው! የአላፊ አግዳሚው ሳቅ ሲበዛባቸው አስነስተው ነዱ፤ ገበያውን ዞርን፣ መናኸሪያውን ዞርን፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ጋሽ ሶርሳ ሙሽራ አመጡ እያሉ ያፏጫሉ፣ እኔ እንደ እመቤት ተቀምጬ እጄን አውለበልባለሁ። በሦስተኛው ዙር መሪውን አዙረው ጋራዡ ግቢ ውስጥ አቆሙና ቁልፉን ሰጡኝ።

ታደለ ልፍታው አለኝ። እምቢ አልኩት። ከሥር ገባሁ፣ አፈሩ አሁንም ዓይን ውስጥ ይገባል። ዳዶው አልፈታ አለ። ስታጠብቅ አንተን የሚያህል የለም። ቁልፉ ላይ በሙሉ ክብደቴ ተንጠልጥዬ ስስበው በመጨረሻ ጮኸና ላላ፣ እኔም እዚያው ተጋድሜ አለቀስኩ። በሌሎቹ መኪኖች አላለቀስኩም ነበር። ይሄ ግን የመጀመሪያው ነው፣ እጅህ አጥብቆ እንደተወው የነበረ፣ እሱንም በገዛ እጄ ፈታሁት። ጋሽ ሶርሳ ከላይ ሆነው እግሬን ብቻ እያዩ ደህና ነሽ ወይ ይሉኛል። ደህና ነኝ አልኳቸው።

ዘሌ፣ አልረሳህም። አንድም ቀን አልረሳህም። ግን ሰው ሙቱን ሲያስታውስ ጥፋቱን እያራገፈ ነው፤ ዓመት ባለፈ ቁጥር የሚቀረው ሰው እየጠራ፣ እየጠራ፣ በመጨረሻ እኔ የማላውቀው ሰው ይሆናል። እኔ እንደዚያ አላደርግህም። ሜሮን አድጋ አባቴ እንዴት ያለ ሰው ነበር ብላ ስትጠይቀኝ፣ አባትሽ ብረት እንደ ሊጥ የሚታዘዝለት ሰው ነበር፣ አንዴ ተሳስቷል፣ አብሬው ተሳስቻለሁ፣ ያንንም ሰው ፊት ተናግሬ አስተካክያለሁ እላታለሁ። ይህን በማለቴ የተቀየምከኝ እንደሆነ እኔ ስመጣ ንገረኝ፣ እንከራከራለን። እስከዚያው ድረስ ግን ስሕተትህንም ጨምሬ፣ አንዲት ነገር ሳልቀንስ፣ አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ፣ አልማዝ